ቀጭኗ አይና ሰፊዋ ኤም

እዩት ይህን ሰው። ቦታው ለንደን ነው፤ ዘመኑ 1683። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ታሪኩ የተፈጸመው በእነሱ አገር ነውና። ከፊቱ ምድጃ አለ፤ ከምድጃው ላይ ድስት፣ ከድስቱ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ። በግራ እጁ ቡጢ የሚያህል፣ ውጩ እንጨት ውስጡ ብረት የሆነ ነገር ጨብጧል። በቀኙ ትንሽ ጭልፋ ይዟል። ይጨልፋል። በግራ እጁ በያዘው ነገር አፍ ላይ ያንቆረቁራል። በዚያችው ቅጽበት ግራ ክንዱን ወደ ላይ ያስፈነጥራል፤ ንብ የነደፈችው ሰው እንኳ እንደዚያ አይሆንም። ከዚያ እጁን ዝቅ አድርጎ የጨበጠውን ነገር ለሁለት ይከፍታል፤ አንዲት ፊደል ጠብ ትላለች። አንዲት ብቻ። እንደገና ይጨልፋል።

ጆሴፍ ሞክሰን የተባለ እንግሊዛዊ በዚያ ዘመን ባሳተመው የእጅ ሙያ መጽሐፍ ይህን ሥራ ከምድጃው አሠራር ጀምሮ መዝግቦታል። አንድ ሠራተኛ በቀን 4,000 ያህል ፊደል ያወጣል ይለናል። አራት ሺህ ጊዜ መጨለፍ፣ አራት ሺህ ጊዜ ክንድን ማስፈንጠር! ማታ ቤቱ ገብቶ የሾርባ ማንኪያ ሲያነሳ ክንዱ በልማድ ይወረውርበት ይሆን እያልኩ ብቻዬን ስቄ አውቃለሁ።

ክንዱ ለምን ይፈነጠራል? እርሳስ ችኩል ስለሆነ ነው። ድስቱ ውስጥ ሳለ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ግን ወዲያው ይደርቃል። የፊደሏ ጥግና ጫፍ ሳይሞላ ከደረቀ አፍንጫዋ የተቆረጠ ፊደል ትወለዳለች። ስለዚህ ሰውየው ፈሳሹን በክንዱ ግፊት እስከ ጥጉ ያደርሰዋል።

ትወለዳለች ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ነገሩ የቤተሰብ ነገር ነው። መጀመሪያ ፊደል ቀራጩ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ፊደሏን ገልብጦ ይቀርጻታል። ጀርመኖች ይህን ብረት የሚጠሩት አባት ከሚለው ቃል በወጣ ስም ነው። ብረቱ ይጠነክርና በመዶሻ መዳብ ላይ ይመታል፤ መዳቡ ላይ የፊደሏ ጎድጓዳ ምስል ይቀራል። ያቺኛዋ ማትሪክስ ትባላለች፤ እሷ ደግሞ ስሟ እናት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። እናት ፊደል ሰውየው በጨበጠው ቅርጽ ማውጫ ግርጌ ትቀመጣለች፤ እርሳሱ በላይዋ ይፈሳል፤ ልጅ ይወጣል። አባት አንድ፣ እናት አንድ፣ ልጆች እልፍ።

እርሳስ ስል ብቻውን አይደለም። ብቻውን ቢሆን በማተሚያው ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ይደፈጠጥ ነበር። ቆርቆሮ ይጨመርበታል፤ አንቲሞኒም ይጨመርበታል። አንቲሞኒ ማለት በጥንት ጊዜ ዓይን መኳያ ኩል ይሠራበት ከነበረው ማዕድን የሚወጣው ነው። እርሳሱን ያጠነክረዋል፤ ሲደርቅም ብዙ እንዳይኮማተር ያደርገዋል። ከመቶ 84 እርሳስ፣ 12 አንቲሞኒ፣ 4 ቆርቆሮ ቢቀላቀል ውሑዱ በ240 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። ንጹሕ እርሳስ ግን 327 ይፈልጋል። ሦስቱ ተቀላቅለው ከንጹሕ እርሳስ ቀድመው ይቀልጣሉ ማለት እኮ ነው። ፊደል አፍሳሾቹ የኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይህን በእጃቸው አወቁት።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር ልምጣ። እጆቻችሁን አምጡ። አፍራችሁ አትቀመጡ፤ የሚያያችሁ የለም። የግራ እጃችሁን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት እንደ ማዕዘን ዘርጉ። ቀኙንም እንዲሁ፣ ግን ገልብጡት። አሁን ሁለቱን ማዕዘኖች ግጠሙ፤ በመካከላቸው አራት ማዕዘን መስኮት ተፈጠረ አይደል? ሁለቱን እጆች ወደ ጎን አንሸራትቱ። መስኮቱ ይጠባል፣ ይሰፋል። ቁመቱ ግን ያው ነው። ያ ሰውዬ በግራ እጁ የጨበጠው ይህንኑ ነው፤ እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ሁለት የብረት ማዕዘኖች።

ይህ ለምን አስፈለገ? ፊደሎች ሁሉ ጎን ለጎን ቆመው አንድ መስመር እንዲሠሩ ቁመታቸው አንድ መሆን አለበት። ቀለሙን እኩል እንዲቀበሉ ከግርጌ እስከ ፊት ያለው ልካቸውም አንድ መሆን አለበት፤ አሜሪካኖቹ ይህን ልክ 0.918 ኢንች ብለው ደንግገውታል። ስፋታቸው ግን ይለያያል። በላቲኑ ፊደል አይ የምትባለው ቀጭን ናት፤ ክር ነው የምትመስለው። ኤም ደግሞ ሰፊ ናት፤ ሦስት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ለሁለቱም አንድ ቅርጽ ማውጫ እንዲበቃ መስኮቱ እንደየ ፊደሏ መጥበብና መስፋት አለበት። በእጅ በሚፈስበት ዘመን አፍሳሹ አይን ለማፍሰስ የአይን እናት ያስገባል፤ ሁለቱ ማዕዘኖች የእናቲቱን ጎን እስኪነኩ ይጠጋሉ፤ አለቀ። የዚህን ታሪክ ማሽኖች ሁሉ ልትለኩባቸው የምትችሉት ጥያቄ አንድ ነው፤ አይን ከኤም የሚለየውን ስፋት ማን ያዛል?

ጉተንበርግ በ1450ዎቹ ማይንዝ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያትም ይህን መሣሪያ በእጁ ይዞ ነበር ሲባል ኖሯል። በ2001 ግን ሁለት የፕሪንስተን ተመራማሪዎች የታተሙትን ፊደሎች በኮምፒውተር አጉልተው አይተው የአንዲት ፊደል ልጆች ናቸው የተባሉት እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ ይህ ከአንድ እናት የወጣ አይመስልም ብለው ተነሡ። ክርክሩ ለእነሱ ይሁን። የማያከራክረው ነገር አለ፤ ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ አፍሳሾች የሚሠሩት በዚህ ነበር። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ያሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት፣ በፊደላችን ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ፊደሉ የፈሰሰው በሰው እጅ ነው። ሞክሰን ያየው ሰውም ከዚያ የተለየ መሣሪያ አልነበረውም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ክንዱ ያው ይፈነጠር ነበር።

በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ ዴቪድ ብሩስ ተነሣ። ታናሹ ብሩስ ይሉታል፤ አባቱም አጎቱም የሕትመት ሰዎች ነበሩ። ማርች 17 ቀን 1838 ለፈጠረው ማሽን የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ብሩስ ያደረገው ክንዱን መተካት ነው። ድስቱ ውስጥ ፓምፕ ተከለ። ቅርጽ ማውጫውን በማጠፊያ ላይ አቆመው። እጀታው ሲዞር ቅርጽ ማውጫው ዘንበል ብሎ የድስቱን አፍንጫ ይነካል፤ ፓምፑ እርሳሱን ወደ ውስጥ ያስወነጭፋል፤ ቅርጽ ማውጫው ቀና ይላል፤ ቀና እያለም በዚያው እንቅስቃሴ ይከፈትና ፊደሏን ይጥላል። ጎንበስ፣ ቀና። ጎንበስ፣ ቀና። ጥሬ የምትለቅም ዶሮን ያየ ሰው የብሩስን ማሽን አይቷል። በደቂቃ 100 ያህል ትለቅማለች።

ነውር አልጠፋባትም። ፓምፑ እርሳሱን ብቻ ሳይሆን አየርም ይዞ ይገባ ነበር፤ ፊደሎቹ ውስጣቸው ቀዳዳ እየሆነ በእጅ ከፈሰሱት ቀለል ይሉ ነበር። እያንዳንዷ ፊደልም ግርጌዋ ላይ ጭራ ይዛ ትወጣለች፤ ጭራ የምለው በማፍሰሻው አፍ ላይ የደረቀውን ትርፍ እርሳስ ነው። ጭራውን ሰባሪ ያስፈልጋል፤ ጎኗን በድንጋይ የሚያሻሽ ያስፈልጋል፤ ግርጌዋን የሚልግ ያስፈልጋል። ሄንሪ ባርዝ የተባለ የሲንሲናቲ ሰው በ1888 መብት ያገኘበት ማሽን ይህን ሁሉ በሆዱ ውስጥ ጨርሶ የተስተካከለች ፊደል አወጣ።

ስፋቱንስ? እሱን አሁንም የሚያዘው ሰው ነው። ለእያንዳንዷ ፊደል ማሽኑ ይቆማል፤ እናት ትለወጣለች፤ መስኮቱ በብሎን ይስተካከላል፤ ከዚያ አይ በሺህ ትፈሳለች። እንደገና ይቆማል። ኤም በሺህ ትፈሳለች። የፈሰሱት በጥቅል ለማተሚያ ቤት ይሸጣሉ፤ እዚያ ፊደል ለቃሚው ቆሞ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል፤ ታትሞ ሲያልቅም አንድ በአንድ ወደየ ሣጥናቸው ይመልሳቸዋል። የሥራው ግማሽ ድካም መመለሱ ነው። ቤት አጽድቶ የሚያውቅ ይህን ለማመን ምስክር አይፈልግም።

ይህን ድካም የጠላ አንድ ሰዓት ሠሪ ነበር። ኦትማር መርገንታለር በ1854 ደቡብ ጀርመን ውስጥ ሃህቴል በምትባል መንደር ተወለደ፤ በአጎቱ ዘንድ የሰዓት ሥራ ተማረ፤ በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እዚያ ጄምስ ክሌፋን የሚባል የፍርድ ቤት ቃል ጻፊ የጻፈው ቶሎ እንዲታተምለት ፈልጎ ከማሽን ሠሪ ማሽን ሠሪ ይዞር ነበርና ተገናኙ። መጀመሪያ ፊደሎቹን ወፍራም ወረቀት ላይ ወግተው በላዩ እርሳስ ሊያፈሱ ሞከሩ። ወረቀቱ ከእርሳሱ ጋር ይጣበቃል፤ ሥራው ይበላሻል። ዓመታት ሄዱ።

መጨረሻ ላይ መርገንታለር ነገሩን ገለበጠው። ልጆቹን ከመልቀም እናቶቹን ብንለቅምስ አለ። ቁልፍ ሲነካ ከላይ ካለው ሣጥን አንዲት የናስ እናት ትወርዳለች፤ ሌላ ቁልፍ ሲነካ ሌላዋ ትከተላለች፤ እናቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰለፋሉ። የአይ እናት ራሷ ቀጭን ናት፤ የኤም እናት ራሷ ሰፊ ናት። አያችሁት? ስፋቱን የሚያዝ ብሎን አያስፈልግም፤ እናቲቱ በገዛ ወገቧ ይዛው መጣች። ሰልፉ ሲሞላ ቅርጽ ማውጫው ይገጥመዋል፤ 280 ዲግሪ ገደማ የጋለ እርሳስ በአንድ ግፊት ይገባል፤ መስመሩ በሙሉ አንድ ወጥ ሆኖ እያብረቀረቀ ይወጣል።

መስመሮች ግን በግራም በቀኝም እኩል መድረስ አለባቸው። የጋዜጣ ዓምድ ጠርዙ የተቆረጠ እንዲመስል የሚያደርገው በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ሊሰፋም ሊጠብም ይገባዋል። ስንት እንደሚሰፋ የሚታወቀው ደግሞ መስመሩ ካለቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የዚህ ታሪክ ጀግና ይገባል፤ ሽብልቅ።

ሽብልቅን ታውቁታላችሁ። እንጨት ፈላጭ ግንዱ አልሰነጠቅ ሲለው የሚመታው ነው፤ የመጥረቢያ እጀታ ሲላላም ይገባበታል። አንድ ጫፉ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም፤ በገፋችሁት ቁጥር ያጠብቃል። በመርገንታለር ማሽን በየቃሉ መካከል ጥንድ ሽብልቅ ይገባል፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተገለበጠ። ሁለቱ ተገልብጠው ስለተጣመሩ የውጭ ጎናቸው ሁልጊዜ ትይዩ ነው። ሰልፉ ሲያልቅ ከሥር በአንድነት ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ክፍተቶቹ ሁሉ በእኩል ይሰፋሉ፤ መስመሩ ጠርዙን ሲነካ ይቆማሉ። የሚያስብ ሰው የለም፤ የሚቆጥር የለም። ይህን የጥንድ ሽብልቅ ሐሳብ ቀድሞ ያስመዘገበው ጃኮብ ሹከርስ የተባለ ሌላ ሰው ነበርና ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የመርገንታለር ኩባንያ በመጨረሻ መብቱን ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ግድ ሆነበት።

መመለሱስ? እያንዳንዷ እናት አናቷ ላይ እንደ ቁልፍ ጥርስ አላት፤ ሰባት ጥንድ ጥርስ፣ ለእያንዳንዷ ፊደል ልዩ ሆኖ የተሸረፈ። ከተፈሰሰ በኋላ አንድ ክንድ እናቶቹን አንሥቶ ከላይ ባለ ሐዲድ ላይ ያንጠለጥላቸዋል። እየተገፉ ይሄዳሉ። የሐዲዱ ሸንተረር በየቦታው ይቋረጣል፤ አንዲት እናት የሚይዛት ጥርስ ያጣችበት ቦታ ላይ ትወድቃለች፤ የወደቀችበትም የራሷ ቤት ነው። የቤቷን ቁልፍ በራሷ ላይ ተሸክማ ትዞራለች። ከሁሉም የማደንቀው ይህን ነው፤ ከሽብልቁም በላይ።

ጁላይ 3 ቀን 1886 የኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ማሽኑን ሥራ ላይ አዋለው፤ አሳታሚው ዋይትሎው ሪድ የፊደል መስመር ብሎ ሰየመው፤ ሊኖታይፕ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። መርገንታለር ከባለ ገንዘቦቹ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ በ1888 ተለያቸው። በ1899 በሳንባ ነቀርሳ ባልቲሞር ላይ ሞተ፤ 45 ዓመቱ ነበር። ፊደል አፍስሰው የሚሸጡት የአሜሪካ ድርጅቶች የዚህ ማሽን ጥላ ሲያርፍባቸው በ1892 ሃያ ሦስቱ ተዋሕደው አንድ ሆኑ።

ሊኖታይፕ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትሳሳቱ መስመሩ በሙሉ ይጣላል፤ እንደገና ይፈሳል። ለጋዜጣ ይሁን። ለመጽሐፍ፣ ለሰንጠረዥ፣ ለሒሳብ ቀመር ግን ፊደሎቹ የየራሳቸው አካል ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ታዲያ ማሽን እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ አፍስሶ፣ በተራዋ አሰልፎ፣ ስፋቷንም ሳያቆም እየለወጠ መሄድ ይችላል? አሁን አይ፣ ወዲያው ኤም፣ ወዲያው ደግሞ አይ?

ቶልበርት ላንስተን የሰዓት ሠሪ አልነበረም፤ መካኒክም አልነበረም። በ1844 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተዋጋ፤ ከዚያ ዋሽንግተን በሚገኘው የጡረታ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ፋይል አመላላሽ ሆኖ ሳለ ማታ ማታ ይፈለስፋል። ሰኔ ሲገባ፣ ጁን 7 ቀን 1887፣ የመጀመሪያ መብቶቹን አገኘ። የመጀመሪያው ማሽኑ አያፈስም ነበር፤ ከቀዝቃዛ የእርሳስ ዘንግ ላይ ፊደል ይወጋ ነበር። አልሆነለትም። ወደ ድስቱ ተመለሰ። ሐሳቡ የሰላ ቢሆንም ማሽኑ በሥራ ላይ የሚቆም አልነበረም፤ ያቆመለት ጆን ሴለርስ ባንክሮፍት የተባለ የፊላደልፊያ መሐንዲስ ነው። የላንስተን ስም ትልቅ ሆኖ ተጻፈ፤ የባንክሮፍት ትንሽ። እኔ ብጠየቅ እኩል አደርጋቸው ነበር።

የላንስተን ማሽን፣ ሞኖታይፕ የሚባለው፣ ሁለት ማሽን ነው። አንዱ የቁልፍ ሰሌዳ ነው፤ ሁለተኛው አፍሳሹ። አይተዋወቁም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ መሆንም አይጠበቅባቸውም። የሚያገናኛቸው ጥቅል ወረቀት ብቻ ነው። ሠራተኛው ቁልፍ ሲነካ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ይበሳል፤ ለወረቀቱ ስፋት 31 የቀዳዳ ቦታ አለ። ለእያንዳንዷ ፊደል ባብዛኛው ሁለት ቀዳዳ ነው፤ አንዱ ረድፉን ሌላው ዓምዱን ይናገራል፤ ልክ የቤት ቁጥርና ቀበሌ እንደማለት።

ረድፍና ዓምድ የየትኛው ነው አትሉኝም? አፍሳሹ ማሽን ላይ መዳፍ የሚያህል ክፈፍ አለ፤ ውስጡ 15 በ15፣ በድምሩ 225 እናቶች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዷ ጎን 0.2 ኢንች ነው። የታመቀ አየር በወረቀቱ ቀዳዳ አልፎ ቀጭን የብረት ካስማ ያነሣል። የሚዘጉ መንጋጋዎች ክፈፉን ጎትተው ካስማው ላይ ያቆሙታል፤ አንዱ ወደ ግራና ቀኝ፣ ሌላው ወደ ፊትና ኋላ። የተፈለገችው እናት ከቅርጽ ማውጫው በላይ ትቆማለች። በግምት ነው የምትቆመው ግን፤ በግምት የተፈሰሰ ፊደል ደግሞ መስመር ላይ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ስለዚህ ከላይ ጫፏ የሾለ ዘንግ ትወርዳለች፤ በእናቲቱ ጀርባ ላይ ያለው ሾጣጣ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ልክ ቦታዋ ላይ ትጠፍራታለች። እረኛ ከብቱን እስከ በረት ደጅ ይነዳል፤ ካስማው ላይ የምታስራት እጅ ሌላ ናት። መንጋጋዎቹ ነጂ ናቸው፤ ሾጣጣዋ ዘንግ አሳሪ።

ስፋቱ፤ አዎ፣ ስፋቱ። ላንስተን ፊደሎችን በዘፈቀደ አላስቀመጠም። ሙሉውን ስፋት፣ ኤም የሚባለውን ልክ፣ በ18 ከፈለው። አይ ብዙ ጊዜ 5 ትወስዳለች፤ ትንሿ ኤም 15። በክፈፉ ውስጥ በአንድ ረድፍ የተቀመጡ እናቶች ሁሉ ስፋታቸው አንድ ነው። ረድፉን የሚመርጠው ካስማ በዚያው ጊዜ አንድ ሽብልቅ ይስባል፤ ሽብልቁ ላይ 15 ደረጃ ተሞርዷል፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ። ሽብልቁ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያለችውን ስለት ይገታታል፤ ስለቷ የመስኮቱ አንድ ጎን ናት። ስለዚህ ፊደሏን መምረጥና ስፋቷን ማዘዝ አንድ ሥራ ሆነ። እናንተ በጣቶቻችሁ የሠራችሁት መስኮት ይኸው በደቂቃ 150 ጊዜ ያህል በሽብልቅ ይከፈታል፣ ይጠባል። እርሳሱ ከ340 ዲግሪ በላይ ጋሏል፤ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ለውስጥ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ፊደሏ እንደደረቀች ያችው ስለት ወደ ፊት ገፍታ ታስወጣታለች።

አንድ ነገር ቀረ፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት። ሞኖታይፕ ላይ የሚለጠጥ ክፍተት የለም፤ ክፍተቱም ራሱ እንደ ፊደል ይፈሳል። ስንት እንደሚሰፋ የሚታወቀው መስመሩ ሲያልቅ ከሆነ አፍሳሹ የመጀመሪያውን ክፍተት በምን ያውቃል? የቁልፍ ሰሌዳው ስፋቶቹን እየደመረ ይሄዳል፤ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወል ይደውላል። ሠራተኛው ቀና ብሎ በሚዞር በርሜል ላይ የተጻፉ ሁለት ቁጥሮችን ያነባል፤ ሁለት ቁልፎችን ይነካል፤ የመስመሩ ፍርድ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ይበሳል። ከዚያ ጥቅሉ ወደ አፍሳሹ ሲወሰድ ከጭራው ይገባል። ከጭራው! አፍሳሹ መጀመሪያ የሚያገኘው ፍርዱን ነው፤ በእሱም ሁለት ሽብልቆችን ያስተካክላል። አንዱ ሽብልቅ በ0.0075 ኢንች ይራመዳል፤ ሌላው በ0.0005። አሥራ አምስቱ ትንንሽ እርምጃዎች አንድ ትልቅ ይሞላሉ። ከዚያ የመስመሩን የመጨረሻ ፊደል ያፈስሳል፤ ከዚያ የዚያችን ጎረቤት፤ እንዲህ እያለ ወደ መጀመሪያዋ። መጽሐፉ የተፈሰሰው ከመጨረሻው ነጥብ ተነሥቶ ነው። እኔ እንኳ ተረት ስነግር እንዲህ ብጀምር ልጆቹ ጥለውኝ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ሒሳብ ልሥራ፤ ሒሳቡ የራሴ ነው። ክፈፉ 225 ቤት አለው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ነው፤ 231። ስድስት ልጆች ደጅ ይቀራሉ፤ ያውም እነ ቋና ኳ፣ ቁጥሮቹና አራት ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ሊኖታይፕ ደግሞ 90 ቁልፍ ነው ያለው። ሞኖታይፕ በኋላ ክፈፉን ወደ 15 በ17፣ ከዚያም ወደ 16 በ17 አሳድጎታል፤ 272 ቤት ማለት ነው፤ በዚህኛው 41 ቤት ይተርፋል። ቢሆንም የአንድ ረድፍ እናቶች እኩል ስፋት ይኑራቸው የሚለው ሕግ አለ። ጠባቧን ነ እና ሰፊዋን ጨ አንድ ረድፍ ላይ ማስቀመጥ ከሁለት አንዱን ማሳዘን ነው። ማሽኑ የታሰበው 26 ፊደል ላላቸው ሰዎች እንደሆነ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

በ1897 የሞኖታይፕ የእንግሊዝ አገር መብት በ220,000 ፓውንድ ተሸጠ፤ ከገዢዎቹ ግንባር የዳንሬቨን ኧርል ነበር። ፋብሪካው በሰሪ አውራጃ ሳልፎርድስ በምትባል መንደር ተተከለ። የፋብሪካው ሥራ መሪ ፍራንክ ሂንማን ፒርፖንት የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን ልኬት ላይ ምሕረት አያውቅም ነበር፤ እዚያ የሚቆጠረው በኢንች አሥር ሺኛ ነው። በኮምፒውተራችሁ ላይ ታይምስ ኒው ሮማን የምትሉት ፊደል መጀመሪያ የተሠራው ለዚህ ማሽን ነው፤ በ1932 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ፎቶግራፍ መጣ፤ ኮምፒውተር ተከተለ። የኒው ዮርክ ታይምስ ሊኖታይፖች የመጨረሻውን ጋዜጣ ያፈሰሱት ለጁላይ 2 ቀን 1978 እትም ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1915 የተመሠረተ ኤም ኤንድ ኤች የሚባል ማፍሰሻ ቤት ግን የሞኖታይፕ ማሽኖቹን እስከ ዘመናችን ሲያስጮህ ቆይቷል።

ስፋቱን ማን ያዛል ብያችሁ ነበር። አሁን ድስት የለም፤ ሽብልቅ የለም፤ ቁጥር አለ። በስልካችሁ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ፊደል ከመልኳ ጋር የስፋት ቁጥር ይዛ ትቀመጣለች፤ ቀጭኗ አይም፣ ሰፊዋ ኤምም፣ የእኛዋ ጨም። ላንስተን በ18 የከፈለውን ኤም የዛሬዎቹ የፊደል ፋይሎች ባብዛኛው በ1000 ወይም በ2048 ይከፍሉታል።